የዓሦቹ መብራት

የልጅቷ እጮኛ እናት በር ላይ ጫማቸውን ሲጠርጉ፣ የልጅቷ እናት ሮጣ የሳሎኑን የዓሣ ገንዳ መብራት ማዞሪያ ያዘች። ልጅቷ መርጣ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯንም ወደ ኋላ ሰብስባ አስራዋለች። የፈላ ዘይት ከጆሮዋ እስከ አገጯ የተወው ጠባሳ በነጩ ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

«ምነው እማዬ? እሱ እኮ እዚህ ጋ ስቀመጥ አምራለሁ ብሎኛል።»

«ለዓሦቹ ነው፣ የኔ ልጅ። ብርሃን ሲበዛባቸው ይፈራሉ።»

ማዞሪያው ላብ ካራሰው ጣቷ እያመለጠ አስቸገራት። ቀስ እያለች ብርሃኑን ቀነሰችው። ውሃው መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ የልጅቷ ጉንጭም አብሮ ጠፋ። ዛሬን ብቻ እንለፋት፣ አለች በሆዷ። ሌላ ጊዜ ከወደዷት በኋላ ያዩታል።

እንግዳዋ ገብተው እናትየውን ሳሙ። ልጅቷን ሲስሙ ግን ከንፈራቸው ጉንጯ ላይ አረፈና ቆም አሉ። «ቤታችሁ ጨለመብኝ። እስኪ እነዚህን ዓሦች ልያቸው» ብለው ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞሩት። ወደ ገንዳው ዞር ብለውም አላዩ። የልጅቷን አገጭ በሁለት ጣት ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ መለሱት።

«ልጄ የነገረኝ ግን ትንሽ ጠባሳ ብሎ ነው» አሉ።

ዓሦቹ ብርሃኑ ምንም ሳይመስላቸው ይዋኙ ነበር። ልጅቷ መጀመሪያ እነሱን፣ ቀጥላ እናቷን አየች። ከዚያ ፀጉሯን ፈትታ ጉንጯ ላይ ለቀቀችው።

«ቀንሺው፣ እማዬ» አለች። «ፈርተዋል።»