ከሞጣ የመጣው ቡችላ

ባዘዘው ደክሞታል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል፤ በሬዎቹን ፈትቶ አረፍ ልበል ሲል ደግሞ የሟች ወንድሙን ቤት ደርሶ ማየት አለበት። ሌላው ሰው አንድ ቤት መጠበቅ አቅቶት ሲማስን እሱ ሁለት ቤት ይጠብቃል።

ወንድሙ ቀለሙ፣ መሬት ሊለካ ነው፣ አዲስ ግብር ሊጣል ነው ተብሎ ሞጣና ቢቸና በታመሱበት ዓመት ፖሊስ ላይ ተኩሶ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። ክረምት ላይ ወንዙ ወሰደው የሚል ወሬ መጣ። የተገኘው ጋቢው ብቻ ነው። ዘመድ ጋቢውን ዘርግቶ አለቀሰ፣ ተዝካሩም ወጣ።

ሚስቱ በዛብሽ ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር ዳርቻ ብቻዋን ቀረች። ልጅ የላትም። ያላት ቀለሙ ያሳደገው ውሻ፣ ነብሮ ነው። እሱም አርጅቷል፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ሲነሣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ከበረሃ የሚወጡ ሌቦች ጎተራ መገልበጥ በጀመሩበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ የነብሮ ድምፅ ከተሰማ ወራት አልፏል።

«ቡችላ ላምጣልሽ» አላት ባዘዘው አንድ ቀን፣ ደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። «ሞጣ ያለው ሚዜዬ የወልደ ኪዳን ውሻ ወልዳለች።»

«ይተዉት ጋሼ። ነብሮ እያለ ሌላ ውሻ አላስገባም።»

«ነብሮ አለ ይባላል? ትናንት አጠገቡ ቆሜ አጥር ስጠግን ቀና ብሎም አላየኝ።»

«በቤተሰብ ላይ አይጮኽም እኮ።»

ባዘዘው ሳቀ። የጓሮው አጥር ሌላው መከራው ነው። ቀጋ ቆርጦ በደፈነው ማግስት እዚያው ቦታ ላይ ተከፍቶ ያገኘዋል። ጅቡን ረግሞ እንደገና ይደፍነዋል።

በዛብሽ ምስሯን እየለቀመች ጠየቀች። «ለመሆኑ ቡችላ ሰው እስኪለምድ ብዙ ይቆያል?»

«ያጎረሰውን ወዲያው ይለምዳል። ያላየውን ግን አይምርም። ደግ ውሻ ማለት እንዲያ ነው።»

እጇን ዘርግታ የነብሮን ራስ ዳበሰች። ባዘዘው አዘነላት። የባሏ እጅ የነካው ነገር ይህ ውሻ ብቻ ስለቀረላት ነው የምትሳሳለት አለ በልቡ። አስቻለች፣ የገዛ ሚስቱ፣ ይህን ሲነግራት «እሷ የሚያስፈልጋት ውሻ ሳይሆን ባል ነው» ብላ ቀለደችበት።

በዚያው ሰሞን አውጫጭ ተጠራ። መንደርተኛው ሁሉ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ፣ ሽፍታ ያየ ያበላ እንዲያወጣ በየተራ ማለ። በዛብሽ አሞኛል ብላ ቀረች። ባዘዘው ነጭ ለባሽ ነው፤ መንደር እንዲጠብቅ ጠመንጃ የተሰጠው፣ ምሎ እንደማያብልም አገር የሚያውቀው ሰው ነው። ስለ ራሱም ስለ እሷም ማለ። «ወንድሜ ሞቷል» ሲል ዳኛው ራሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጎረቤት ጎተራው ተገልብጦ፣ ራሱም ተፈንክቶ አደረ። ባዘዘው እንቅልፍ አጣ። እሷን አርደዋት ቢያድሩ ለቀለሙ አጥንት ምን መልስ እሰጣለሁ ብሎ ተነሣና ሳያማክራት ሞጣ ሄደ። ቡችሎቹን በማጅራታቸው እያነሣ ፈተናቸው፤ ጠንካራ ይወጣዋል ብሎ ያልጮኸውን መርጦ በጋቢው አቅፎ መጣ።

በዛብሽ ቡችላውን ተቀብላ ቆመች። ፊቷ ጠቆረ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች በመጨረሻ።

ነብሮ ክረምቱን አልወጣም። በዛብሽ በተዝካሩ ዕለት ያልታየባትን እንባ ለውሻው አፈሰሰችው። ባዘዘውን ይህ ትንሽ ቅር አሰኘው፤ ግን ሐዘንተኛ አይወቀስም ብሎ ተወው።

ቡችላው መክት ተባለ፤ ኅዳር ሲገባ የሚያስፈራ ውሻ ወጣው። እሷ ግን ሲመሻሽ ታስረዋለች። ባዘዘው ደጋግሞ ተቆጣት፣ እሷም ደጋግማ ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሣኛል አለችው። አንድ ቀን ማታ ትዕግሥቱ አለቀና ሰንሰለቱን ራሱ ፈታው።

«ታስሮ ምን ሊጠብቅ ነው? እኔ እኮ ሰው ነኝ በዛብሽ፤ ደከመኝ!»

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለዛሬ ብቻ ይታሰርልኝ።»

ሰንሰለቱን ይዞ ሄደ። መክትም ወደ ጓሮ ፈረጠጠ፤ ብትጠራው፣ ብትለምነው አልመለስ አላት።

ባዘዘው ያን ለት ከስንት ጊዜ በኋላ የጠገበ እንቅልፍ ተኛ። ሊነጋጋ ሲል የመክት ጩኸት ቀሰቀሰው። ጠመንጃውን አንሥቶ ሮጠ።

የጓሮው አጥር ጋ አንድ ሰው፣ ፊቱን በጋቢ ተከናንቦ ስልቻ ያነገተ፣ ከውሻው ጋር ይታገላል። መክት ባቱን ነክሶ ይዞታል።

«ማነህ? ቁም!»

ሰውየው ድምፁን ሲሰማ ድንግጥ አለ። እግሩን አስለቅቆ ከአጥሩ ባሻገር ወዳለው ገደል ሲሮጥ ባዘዘው ተኮሰ።

በዛብሽ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች።

«አትቅረቢ! ሌባ ነው፤ አልቆለታል» አላት ባዘዘው። ሰው ገድሎ አያውቅም። ቢሆንም እሷ መትረፏን አይቶ ፈጣሪውን አመሰገነ።

የሰማችው አትመስልም። ተንበረከከችና ጋቢውን ከሟቹ ፊት ገለጠች፤ ራሱን አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ውሻው ካልታሰረ አትግባ ብዬህ አልነበረም፣ ቀለሙ?»