የማክሰኞ ዶናት

ዶክተር ሃልቨርሰን የወረቀት ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት፤ ሁለት አሮጌ ቡናማ ጫማዎች ደብዳቤዎቼ ላይ ዱብ ዱብ አሉ።

«የአንድ በሽተኛዬ ናቸው» አሉ። «ጫማ አይቶ ባለቤቱን ይናገራል እያሉ ያወሩልሃል። እስቲ ተናገር።»

ልቤ ጣራውን በስቶ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። በከተማችን፣ በመላው ሰሜን ዊስኮንሲን ብል ይቀለኛል፣ እግሩን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። «ቨርን ኩባሴክ ዘንድ ሂድ» ቢሉ የእኔ ክሊኒክ በር ይጣበብ ነበር። አይሉም። በሽተኞቻቸውን አርባ ማይል ርቆ ወደሚሠራ ሌላ የእግር ሐኪም ይልኳቸዋል። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ክዳኑ ላይ ስሜና ስልኬ የታተመበት ሁለት ሳጥን ስኳር የተነሰነሰበት ዶናት ወደ ቢሯቸው እልካለሁ። እዚህ አገር ሐኪም ሐኪምን የሚለማመጠው በዶናት ነው። የእኔ ብቻ ቢደረደር ሚሺጋን ሐይቅን ያሻግራል። ሦስተኛዋ የምርመራ ክፍሌ ግን እስካሁን የገና ዛፋችን ማስቀመጫ ናት።

«ዶክተር፣ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም» አለች ጸሐፊዬ ዶሪን በሩ ላይ ቆማ። «በጫማዋ ብቻ የአንዲትን ሴትዮ ባል ስም አውቄያለሁ ብሎ ያወራል።»

«የባሏን ስም አላልኩም! የውሻዋን ዘር ነው ያልኩት። የጥርሱ ምልክት እኮ ጫማው ላይ ነበር።»

ሃልቨርሰን አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ኑ የሚለው ደንብ የእኔ ነው። ሰው ቤቱን ለእንግዳ እንደሚጠርግ ሁሉ፣ ወደ እግር ሐኪም ሲመጣም አዲስ ጫማ ይገዛል፤ አዲስ ጫማ ደግሞ ምንም አይናገርም። ስለዚህ የከብት ጋጣ የሚያህል ሰሌዳ አውራ ጎዳናው ዳር አስተክዬ «አሮጌውን አምጡልኝ!» ብዬ አስጽፌበታለሁ። ከጨረቃ ላይ ይነበባል።

የቀኙን አነሳሁና ወደ መስኮቱ አዞርኩት። «ሰውየው ረጅም ነው። ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ብዙ ዓመት ከባድ ቦርሳ በአንድ እጁ ይዟል። ቆሞ ነው የሚውለው። ግን ገበሬ አይደለም፣ ስፌቱ ውስጥ ጭቃ የለም። የሚቆመው ንጹሕ ወለል ላይ ነው።»

«ቀጥል።»

«ኩሩ ነው። ሶሉን ሦስት ጊዜ አስለውጦታል፣ ማሰሪያውን ግን ሁልጊዜ ራሱ ይቀይረዋል።»

«እሱን ከየት አመጣኸው?» አለች ዶሪን።

«ከተሰጥኦ።»

ከዚያ እጄን ወደ ግራው ጫማ ሰደድኩ። ጣቴን የሆነ ነገር ጫረኝ። ገለበጥኩት። አንዲት አጭር የጣራ ምስማር ከታች ገብታ፣ ሶሉንና የውስጡን ቆዳ በስታ ብቅ ብላለች። የምስማሯ ራስ በአስፋልት ተፍቆ ሳንቲም መስሏል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ የሳምንታት ነው። ጫፏ ዙሪያ ቆዳው ጠቁሮ ደርቋል።

ሰው በዚህ ጫማ ሄዷል። ቀን ከቀን። እናም አልተሰማውም።

ጫማውን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው?» አሉ ሃልቨርሰን።

ዓይኔ ወደ ወለሉ ወረደ። እግራቸው ላይ ያለው ጫማ አዲስ ነው፤ የሱቁ የዋጋ ወረቀት ክር ከማሰሪያው ቀዳዳ ላይ ገና አልተቆረጠም። ያ የማውቀው ጥቁር የሐኪም ቦርሳቸው በቀኛቸው ተቀምጧል።

«ዶሪን፣ በሩን ዝጊው። በውጭ በኩል።»

ዶሪን ያለ ክርክር ትእዛዝ ስትፈጽም ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ።

«በሽተኛዎ ስኳር አለበት?» አልኳቸው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ሐኪሙ ምን ይለዋል?»

«ሐኪሙ ሌላውን ሲመክር ጎበዝ ነው።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ቨርን፣ ያ ሰው እግሩ ይቆረጣል?»

«ጫማ አይቼ ያን አልናገርም። እግሩን ማየት አለብኝ።»

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የግራውን አዲስ ጫማ ፈቱት። ካልሲው ሲወልቅ ከአውራ ጣታቸው ሥር ነጭ ፋሻ ታየ፤ በራሳቸው እጅ በሚገባ የታሰረ።

«ስድስት ዓመት ለምንድን ነው አንድ ሰው ያልላኩልኝ?» አልኳቸው። ይህን ሳልጠይቅ ብሞት ኖሮ መቃብሬ ውስጥ እገላበጥ ነበር።

«ብልክልህ ልታመሰግነኝ ትመጣለሃ። ዓይንህ ደግሞ ምንጊዜም የሰው እግር ላይ ነው።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ደሞ እባክህ፣ ዶናቱን ተወው። ሳጥኑን የምከፍተውም የምጨርሰውም እኔ ነኝ።»

ስድስት ዓመት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ። ይህን ቁጥር ማጋነን አላሰኘኝም።

ከመሳቢያዬ የናይሎን ክሯን አወጣሁ፤ ብዕር የምታህል እጀታ ጫፍ ላይ የቆመች፣ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ነገር። ስኳር የእግርን ስሜት ይገድላል፤ እሷ ስትነካው የሚሰማው እግር ግን ገና ይድናል። እግራቸውን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። በነካሁዎት ቁጥር አዎ ይበሉኝ።»

ጨፈኑ።

ተረከዛቸውን ነካሁ። «አዎ።» የእግራቸውን መሃል። «አዎ» አሉ፣ ትንሽ ዘግይተው። ትንሿን ጣት ነካሁ፤ ክሯ እስክትታጠፍ ተጫንኳት። ዝም። ውጭ ዶሪን ስልክ አንስታ የክሊኒኩን ስም ስትጠራ ይሰማል።

ወደ አውራ ጣታቸው ዞርኩና ክሯን አየር ላይ ያዝኳት።

«አዎ» አሉ ዶክተር ሃልቨርሰን፣ ዓይናቸውን ጥብቅ አድርገው እንደጨፈኑ።

ገና አልነካኋቸውም ነበር።