ከቀዩ ፕላስተር ወዲያ

ሶልያና የምትሰማው ከጆሮዋ ጀርባ በማግኔት በተያዘ መሣሪያ ነው። አያቷ አቶ ወርቅአለማሁ ደግሞ፣ እንደ ዘመኑ አዛውንት ሁሉ፣ የሚያስታውሱት ጆሮ ግንዳቸው ላይ በተተከለ ቺፕ ነው። ማግኔት ሲጠጋው ቺፑ የያዘውን ይሰርዛል። ስለዚህ እናቷ በሳሎኑ ወለል ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፋለች፤ ልጅቷ ከዚህ ወዲህ፣ አያትየው ከዚያ ወዲያ። ተሳስመው አያውቁም።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ማግኔትና የማግኔት መለኪያ ታደላቸው። ሌሎቹ ማግኔቱን ከመለኪያው ሲያርቁ፣ ሶልያና መለኪያውን ከገዛ ጆሮዋ አራቀች። ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ወረደ፤ ክንድ ሳይሞላ ጭራሽ መቀነሱን አቆመ።

"ቲቸር፣ ተበላሽቷል እንዴ?"

"አልተበላሸም። የማግኔት ኃይል ትንሽ ራቅ ሲሉት ያልቃል።"

መለኪያውን አስፈቅዳ ቤት ወሰደችው። አያቷ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ከራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ከክንድ እንደሚበልጥ በዓይኗ ለካች። ፕላስተሩን ተሻግራ መለኪያውን በእጃቸው ጆሮ ግንዳቸው ጋ አስያዘቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"አባባ፣ ቁጥሩ ጨመረ?"

አቶ ወርቅአለማሁ በዓይናቸው ጥግ አየት አደረጉት። "ኧረ ንቅንቅ አላለም።"

እንደማንኛውም አያት አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ጉንጯን ሊስሙ ሲጠጉ ግን ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ባሉበት ቆሙ።

"ፈሩ እንዴ?"

"ሌላው ቢጠፋ ግድ የለኝም" አሉ፣ አገጯን ሳይለቁ። "የሚጠፋው ይሄ ቢሆንስ?"