የማዳበሪያ ኮርኒስ

«ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» ይላሉ ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ገብተው እንደቆሙ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ከሺሺንዳ ድረስ የመጡት አንዲት ልጄን ትርንጎን ለዘርትሁን፣ ለአስተማሪው፣ ሊጠይቁኝ ነው።

ወጉን አውቃለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ አባት ቀጠሮ ይሰጣል። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሚስቴን በዛወርቅን ከመስጠታቸው በፊት ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል። እኔም ከሦስት እንደማላሳንስ ትናንት ማታ እራት ላይ ለሚስቴም ለልጄም በኩራት ነግሬያቸዋለሁ። ትርንጎ ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ዝናቡ ግን ወግ አያውቅም። ነሐሴ ነው፣ ያውም የቦንጋ ነሐሴ። ጣሪያዬ እንደ ልማዱ ያፈሳል። «ሚሌኒየሙ ሲገባ እጠግነዋለሁ» ስል ሦስት ክረምት አልፏል፤ አሁን ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ ጉዴን የሚሸፍነው ከማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቼ የወጠርኩት ኮርኒስ ነው። ውሃ ሲጠራቀምበት ሆዱ ይነፋል። ያኔ ትርንጎ ስፌቱን በመጥረጊያ እንጨት ነካ ታደርገውና ውሃውን ባልዲ ውስጥ ታወርደዋለች።

ቀና እላለሁ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ልክ ከጋሽ ወልደሥላሴ ራስ በላይ። ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ቦታ ያልተነሳው ባልዲ ዛሬ የለም። በምትኩ ቄጠማ ተጎዝጉዟል።

«እባክዎ አረፍ ይበሉ» እላለሁ።

«ኧረ ምን በወጣን!»

«እንግዲያው ትንሽ ወዲህ ጠጋ ይበሉ።»

«የሚለምን ሰው ከደጃፍ አይርቅም፣ አቶ ተድላ።»

የመጀመሪያዋ ጠብታ መላጣቸው ላይ ታርፋለች። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አያብሷትም። «ልጃችን ቁጥብ ነው፣ የተማረ ነው...» እያሉ ሁለተኛዋ ትደገማለች። አሁን ዓይናቸው ወደ ላይ ይሄዳል። ለካ የዕድሜ ልክ አናጢ ናቸው።

«ይህን ቆርቆሮ ማን ነው የመታው?»

«እኔው ነኝ።»

«ሚስማሩ የገባው ስርጉዱ ላይ ነዋ! ውሃ በሚሄድበት! ጉብታው ላይ ነበር እንጂ።» ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። «የተማረ ነው እያልኩ ነበር።»

ፊቴ በእፍረት ይግላል። ይህ ከረጢት ከተቀደደ አለቀልኝ፤ ሽማግሌ ላይ ውሃ የደፋ ሰው ተብዬ ስሜ የሺሺንዳ ገበያ መሳቂያ ይሆናል። የትርንጎም ነገር በዚያው ይቀራል፤ የተሰደበ ሽማግሌ አይመለስም።

«እንግዲህ ከዘመድ ሳንማከር... ቀጠሮ...» ብዬ እጀምራለሁ።

ጧ! አንድ ስፌት ይበጠሳል። በዛወርቅ ከጓዳው በር ላይ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች።

«ሰጥቻለሁ!» ብዬ እጮኻለሁ። «ፈቅጃለሁ! ተቀመጡ! ስለ እግዚአብሔር፣ ቶሎ ተቀመጡ!»

ሽማግሌዎቹ ይተያያሉ። በዚህ ሁሉ የሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ የቸኮለ አባት አላጋጠማቸውም። ሀሳቤን ሳልቀይር እያመሰገኑ ወደ አግዳሚው ይጣደፋሉ። የመጨረሻው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው እንደተቀመጡ ኮርኒሱ ይተረተርና የሦስት ቀን ዝናብ ቄጠማው ላይ ይዘረገፋል።

ጋሽ ወልደሥላሴ ውሃውን ያያሉ፣ ቆመውበት የነበረውን ቦታ ያያሉ፣ መላጣቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «ዘርትሁን ሚስማር መምታት ይችላል» ይሉኛል፣ ቀስ ብለው።

«ትርንጎ! ባልዲ!» ልል አፌን እከፍታለሁ።

ስሟን ሳልጠራ መጋረጃው ይገለጣል። ትርንጎ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በአንድ እጇ ባልዲውን፣ በሌላው መወልወያውን ይዛ፣ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች።