ስድስቱ የሸክላ ኩባያዎች

የፕላስቲክ ኩባያ አልወድም። ማሽኑ በደቂቃ መቶውን ይተፋዋል፤ አንዱም ላይ የሰው እጅ አላረፈም። እኔ አንዲት የሸክላ ኩባያ ለማውጣት አፈሩን እነፋለሁ፣ አቦካለሁ፣ እቀርጻለሁ፣ አደርቃለሁ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ግማሹ እሳት ውስጥ ይሰነጠቅብኛል። ይህንን ስለፈልፍ የሰማኝ ሁሉ ይስቅብኛል። እጮኛዬ ደምሰው ብቻ አይስቅም። እንዲያውም ከሠራኋቸው ስድስቱን ለእናቱ ወስዶላቸዋል።

ዛሬ ከእናቱና ከሁለቱ እህቶቹ ጋር ሊያስተዋውቀኝ አገር ቤት ይዞኝ ሄደ። ኩባያዎቼ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ።

«እጅ የሠራው ነገር ለዛው ሌላ ነው» አሉ እናቱ አንዷን እያሻሹ። «ልጄ እነዚህን ካመጣልኝ ወዲህ ፕላስቲክ ቤቴ አይገባም።»

ደምሰው ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። እኔ ግን ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

«እኔ እኮ ነኝ የሠራኋቸው፣ እማማ! ከእናቴ ነው የተማርኩት። አያቴም ሸክላ ሠሪ ነበረች።»

እናቱ ኩባያዋን ቀስ ብለው አስቀመጧት። ደምሰውን ወደ ጓዳ ጠሩት። ሲንሾካሾኩ ቆዩና፣ እሱ በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ሱቅ ሲሄድ በመስኮቱ አየሁት።

ሲመለስ ጠላ ቀዳ። ለእናቱ፣ ለሁለቱ እህቶቹና ለራሱ በእኔ ኩባያዎች ቀዳ። እኔ ፊት ዋጋው እንደተለጠፈበት ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ አስቀመጠ።

«ስትሄጂ ይዘሽው ትሄጃለሽ» አለኝ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።