ማንበቡን ለእኛ ተወው

በትንሣኤ ማግስት፣ በስደት በሚኖሩበት ካሩዥ ከተማ ባለው የቅመም ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ጫማህን ስፋ፤ ማንበቡን ለእኛ ተወው» ብሎ ጫማ ሠሪ ደንበኛውን የሰደበው ባለሱቁ ኪሩ ነው። ጫማ ሠሪው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መስኮቱ ላይ «ግፊት ያጠፋል» ተብሎ የተለጠፈለት የጥቁር አዝሙድ ዘይት የሐኪም ክኒን ያስቀራል ወይ? ሚስቱ ትርፍነሽ ግን በዚያው ቀን ሁለት ጠርሙስ ገዛች። የግፊት ክኒኗን ትታው እንደሆነ በጠየቃት ቁጥር «አትጨቅጭቀኝ» ትለዋለች።

ወራት አልፈው፣ ዛሬ ፋርማሲ ተለክታ ግፊቷ ደህና ሆኖ ተገኘ። ባልና ሚስቱ በርበሬ ሊገዙ ሱቁ ሲገቡ ወሬውን የሰማው ኪሩ ስልኩን ደገነባት። «ትርፌ፣ ዘይቱ ነው አይደል? በይ ለማስታወቂያው መስክሪ!»

ጫማ ሠሪው ጣቱ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ መፋቅ ያዘ።

«እመሰክራለሁ እንጂ» አለች ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ። «ጸጉሬን እንዴት እንዳሳመረው እይ! ክኒኔንማ አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

«የሚጠጣ እኮ ነው! ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ማንበቡንማ ለእናንተ ትተነዋል!»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ኪሩ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ጫማ ሠሪውን አየው፤ ስድቡን እስኪመልስለት ይጠብቅ ነበር። ጫማ ሠሪውም መልሱን ከትንሣኤ ጀምሮ አዘጋጅቶ ነበር። ጫማ ሠሪው ግን ብዙ ወር ያፈነውን ትንፋሽ ለቀቀና፣ በርበሬውን አንስቶ፣ በሩን ለሚስቱ ከፍቶላት ወጣ።