የእንሶስላው ቀይ

ፀጉር ሠሪዋ ራኬብ ሦስት ዓይነት ቀይ አሳየቻት። ደብሪቱ አንዱንም አልወደደችውም።

"ይሄ በርበሬ ይመስላል፣ ያኛው ጡብ። እኔ የምፈልገው የእንሶስላን ቀይ ነው፤ እጃችን ላይ እንደሚወጣው።"

"እሱ በጠርሙስ አይመጣም። ከራስዎ ትዝታ ነው የምንቀዳው። የተቀዳው ትዝታ ደግሞ ወደ ራስዎ አይመለስም፤ ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ፣ ቅጂልኝ።"

አጠገቧ የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ አስካለ "ተይ እባክሽ፣ በርበሬውም ያምርብሻል" ብትላት አልሰማቻትም። ራኬብ የትዝታ መቅጃውን ማሽን የደብሪቱ ጭንቅላት ላይ ደፋችው። ደብሪቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀለም የሚቀባት ሰው ፊቷ የተቀመጠ ይመስል ሁለት መዳፎቿን ዘረጋች።

ፀጉሯ ታጥቦ ሲደርቅ አስካለ ከወንበሯ ተነሳች።

"በስመ አብ! ይሄማ በሰርጌ ዋዜማ እማዬ የቀባችን እንሶስላ ነው። ቁርጥ እሱን!"

ደብሪቱ መስታወቱ ውስጥ ፀጉሯን እያገላበጠች ፈገግ አለች። በጣም ረክታለች።

"እማዬ እንሶስላ ትቀባን ነበር እንዴ?"

አስካለ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ራኬብ ፎጣውን አራገፈች።

"ቶሎ ቶሎ ካልታጠቡት ሁለት ወር ይቆይልዎታል" አለች።